የማጣሪያው ነጥብ ዜና፤ ቀለመ ወርቅ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ እንደ ተጋደለ

በዘመነ ሉቃስ ወንጌላዊ፣ ጋሽ ሀብቴ በሦስቱ ወረዳ የባጃጅ ነጂዎች ማኅበር ላይ በሊቀ መንበርነት በተቀመጡ በአራተኛው ዓመት፣ ቤንዚን በሰልፍ በሚቀዳበት፣ የንፋስ መውጫም ንፋስ የባጃጁን ሸራ እንደ ጥምጥም ፈትቶ በሚወስድበት ወራት፣ ቀለመ ወርቅ የተባለው ነጂ፣ አስቀድሞ የቤተ ልሔም የድጓ ተማሪ የነበረ፣ ኋላም ባለ ሦስት ጎማ ፈረስ የጫነ፣ የፈረሱም ስም አባ ቅደሙኝ የተባለ፣ በጋይንትና በስማዳ በእስቴም የሠራውን ሥራ እንጽፋለን። ለነገሥታት ጸሐፌ ትእዛዝ ይቆምላቸዋል፤ ባጃጅ ነጂን ግን የሚያቆመው ትራፊክ ብቻ ነውና ይህን ዜና የሚጽፈው ራሱ ባለ ዜናው ነው። ስለ ራሱም ሲጽፍ «እኔ» አይልም፣ «እርሱ» ይላል እንጂ፤ «እርሳቸው» ሊልም ቃጥቶት ነበር፣ ነገር ግን ከንፋስ መውጫ እስከ ጋሳይ የሚያውቀው ሁሉ እንዳይስቅበት ፈርቶ ተወው።

አስቀድመን የጠባዩን ነገር እንናገር፤ ጠባዩን ያላወቀ ገድሉን አያውቅምና። ቀለመ ወርቅ ገና ጎረምሳ ሳለ በቤተ ልሔም ከየኔታ ገብረ መድኅን እግር ሥር ተቀምጦ ድጓ ይማር ነበር፤ ከመምህሩ ፊት ለብቻው ቀርቦ ሲያዜም ድምፁ እንደ ማር ይፈስሳል፣ ምልክቱን አይስትም፣ የኔታም ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡታል፤ ከማኅሌት ሲቆም ግን፣ በግራ አንድ ደብተራ በቀኝ አንድ ደብተራ ሲሆኑበት፣ ድምፁ ወደ ሆዱ ተመልሶ ይገባል፣ መቋሚያው ብቻ ይወዛወዛል። አንድ ቀን የኔታ ጠሩትና «አንተ ልጅ፣ ለብቻህ ወፍ ነህ፤ ከሰው መካከል ስትገባ ድንጋይ ትሆናለህ። ወይ ሰውን ተው፣ ወይ ፍርሃትን ተው» አሉት። እርሱም ብዙ ካሰበ በኋላ፣ ሰውንም ፍርሃትንም ሳይተው ድጓውን ተወ፤ ወደ ንፋስ መውጫም ሄዶ ባጃጅ ነጂ ሆነ።

ወእምድኅረ ዝንቱ የውድድሩን ሥርዓት እንጻፍ። በየዓመቱ፣ ገብሱና ስንዴው ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ፣ ገበሬውም ትንፋሽ ሲያገኝ፣ የሦስቱ ወረዳ ባጃጆች ሦስት ጊዜ ይሽቀዳደማሉ፤ አንድ ጊዜ በላይ ጋይንት በንፋስ መውጫ፣ አንድ ጊዜ በስማዳ በወገዳ፣ አንድ ጊዜም በእስቴ በመካነ ኢየሱስ። መንገዱ ለግማሽ ቀን ይዘጋል፤ ባጃጆቹም በአይሱዙ ተጭነው፣ እንደ ሹም በሰው ትከሻ፣ ከከተማ ወደ ከተማ ይወሰዳሉ። ከውድድሩ በፊት ማጣሪያ የሚሉት ነገር አለ፤ ይኸውም እያንዳንዱ ባጃጅ ለብቻው በባዶ መንገድ ሰዓት እየተያዘለት የሚሮጥበት ነው፣ የፈጠነውም ውድድሩ ሲጀመር ከሁሉ ፊት ይቆማል። ነጥብ ግን ለውድድሩ እንጂ ለማጣሪያው አይሰጥም ነበር። የሦስቱ ከተማ ነጥብ ተደምሮ የበለጠው ሰው ዋንጫ ያነሣል፤ ከዋንጫውም የሚበልጥ ነገር ያገኛል፣ ዓመቱን ሙሉ በገበያ ቀን በመናኸሪያው በር የመጀመሪያውን ተራ ይይዛል። ይህ ቀላል የሚመስለው ሰው ቢኖር በባጃጅ ተራ መጨረሻ ቆሞ የማያውቅ ነው፤ ከፊት የቆመ ከደብረ ታቦር ሚኒባስ የወረደውን እንግዳ ከነሻንጣው ሲቀበል፣ ከኋላ የቆመ ፀሐይ ከአናቱ እስክትደርስ የገዛ ወንበሩን ሲወለውል ይውላል። ቀለመ ወርቅም የተራው መጨረሻ ሰው ነበረ፤ ጧት ማልዶ ይመጣል፣ የመጣውን ሁሉ ግን «ቅደሙ» ይላልና፤ ስለዚህም በንፋስ መውጫ ከእርሱ ወንበር ይልቅ የሚያበራ ወንበር አልነበረም።

ባለፈው ዓመት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ቀለመ ወርቅ በሦስቱም ከተማ በማጣሪያው ከሁሉ ፈጠነ። ድጓውን እያዜመ፣ ማንም ሳይቀድመው ማንንም ሳይቀድም፣ ባዶውን መንገድ እንደ ጥይት ሰንጥቆት ሄደ። በውድድሩ ቀን ግን እንዲህ ሆነ፦ በንፋስ መውጫ ከሁሉ ፊት ቆሞ ሳለ፣ ከኋላው ሞላ፣ የከተማው ጉልበተኛ ነጂ፣ የባጃጁ ስም አባ ግፋው የተባለ፣ ክላክስ ነፋበት፤ እርሱም ሰው የቸኮለ መስሎት ጥግ ይዞ አሳለፈው፣ የተከተሉትንም ሁሉ አሳለፈ። በወገዳ ደግሞ በመንገዱ ዳር ጥላ የያዙ ቄስ ቢያይ ከውድድሩ መካከል ወርዶ መስቀል ተሳለመ። በመካነ ኢየሱስም አንዱ ነጂ ከጎኑ ሆኖ «ጎማህ ተንፍሷል!» ቢለው አምኖት ቆመና ሦስቱንም ጎማ በእግሩ እየመታ መረመረ፤ ጎማዎቹ ደህና ነበሩ፣ ውድድሩ ግን አልቆ ነበር። እንግዲህ ከሁሉ የፈጠነው ሰው በዓመቱ መጨረሻ ያገኘው ነጥብ ባዶ ሆነ፤ ዋንጫውንም ሞላ አነሣ።

በዚያም ክረምት ቀለመ ወርቅ በአንድ ጁስ ቤት ተቀምጦ በዲሽ የሚተላለፈውን የታላላቅ መኪኖች እሽቅድምድም ሲያይ፣ ሁለት ጎረምሶች በማጣሪያ አንደኛ ለወጣ ነጥብ ይገባዋል፣ አይገባውም እየተባባሉ ሲከራከሩ ሰማ፤ የአቮካዶው ጁስም በጉሮሮው ቆመ። በማግሥቱ ጋሽ ሀብቴን ወደ ቤታቸው ሲያደርስ፣ ሁለቱ ብቻ ነበሩና አንደበቱ ተፈታ፦

«ጋሼ፣ በማጣሪያ የፈጠነ ሰው እኮ እውነተኛ ፈጣን ነው። ማንም አልወደቀለት፣ ማንም መንገድ አልለቀቀለት፣ እሱና መንገዱ ብቻ ናቸው። ለዚህ ነጥብ ካልተሰጠ ለምን ይሰጣል? በትልቁ ዓለምም እየተከራከሩበት ነው።»

ጋሽ ሀብቴ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድተው ወገባቸው ሲደክም ወንበሩን የያዙ ሰው ነበሩና ነገር ቶሎ አይዋጥላቸውም። «በትልቁ ዓለም አንተን ያውቁሃል?» አሉት።

«አያውቁኝም፤ ግን ያስቡልኛል።»

«ታዲያ ይህን ከጉባኤው ፊት ለምን አትናገረውም?»

«ሰው አለ» አለ ቀለመ ወርቅ።

ስለዚህ ጋሽ ሀብቴ ራሳቸው ነገሩን ተሸክመው ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው ባሕር ዛፍ ሥር ጉባኤ ጠሩ፤ ነጂዎችም ከሦስቱ ወረዳ መጥተው በየድንጋዩ ተቀመጡ። ነገሩ በተነገረ ጊዜ መጀመሪያ የተነሣችው ዝናሽ ነበረች። ይህች ዝናሽ በንፋስ መውጫ ተራ ያለች ብቸኛ ሴት ነጂ ናት፤ በመስታወትዋ ላይ «ምን አገባህ» ብላ ያጻፈች፣ ሁለት በሬ ሸጣ ባጃጅ በገዛች ጊዜ አገሩ ሁሉ ሲገረም እርስዋ ያልተገረመች፣ በውድድር ጊዜ ወንዶቹ ከየጎኑ እየተጠጉ ወደ ቦዩ የሚገፏት፣ ለብቻዋ ስትሮጥ ግን ከቀለመ ወርቅ በቀር የሚቀድማት የሌለ።

«የፈጠነ ከፊት ይቆም የለም እንዴ? ዋጋውን በልቷል» አለች። «ደግሞ ነጥብ ምን ይሁን ነው? እህል የሚሰፈረው አውድማ ላይ ነው። ቡቃያ ማን ይሰፍራል? ውድድር ማለት ከሰው ጋር ነው፤ እየተገፉ፣ እየገፉ።»

ጋሽ ሀብቴም «አንቺ እኮ በማጣሪያ ሁልጊዜ ሁለተኛ ነሽ። ሕጉ ቢወጣ ሳይጠቅምሽ ይቀራል?» አሏት።

«ይጠቅምሻል ወይ ብለው አልጠየቁኝም ጋሼ፤ ትክክል ነው ወይ ብለው ነው የጠየቁኝ» አለችና ተቀመጠች። 

ከዚያ በኋላ ሞላ እየሳቀ ተነሣ፤ ሞላ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ሁልጊዜ የሚያሸንፍ ሰው ብቻ ነበረ። «ኧረ ስጡት!» አለ። «ምስኪኑ ነጥብ በሕልሙም አይቶ አያውቅ። ሦስት ነጥብ ማንን ይገድላል?» ጉባኤውም ከእርሱ ጋር ሳቀና እጁን አነሣ። ቀለመ ወርቅ በዚህ ሁሉ ጊዜ ከባሕር ዛፉ ኋላ ቆሞ ነበር፤ ስለ ትሕትና ነው የሚሉ አሉ፣ ዜና ጸሐፊው ግን ስለምን እንደ ሆነ ያውቃል። ጋሽ ሀብቴም ከድንጋይ ላይ ቆመው እንዲህ ሲሉ አዋጅ ነገሩ፦

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! በሦስቱ ወረዳ ሦስት ጎማ የምታሽከረክር ሁሉ ስማ! ከእንግዲህ በማጣሪያ አንደኛ የወጣ ሦስት ነጥብ ይውሰድ። አሳቡ የቀለመ ወርቅ ነው፤ ትእዛዙ የጉባኤው ነው። ይህን የጠላ ከጉባኤው ፊት ይከራከር እንጂ በየሻይ ቤቱ አያጉረምርም!»

በዚያን ቀን ለቀለመ ወርቅ የሆነው ደስታ እንዴት ያለ ነው! አባ ቅደሙኝን ላቫጆ አስገብቶ አሳጠበው፤ ወደ ተራው ሲመለስም የከተማው ሠራዊት ተከተለው፤ እነርሱም ጎማ የሚለጥፈው ጎሚስታ ከነጎማ ማውለቂያው፣ ቆሎ ሻጭዋ ከነስኒዋ፣ ተራ አስከባሪው ከነፉጨቱ፣ ዕዳ የሌለባቸው ነጂዎች በግራ፣ ዕዳ ያለባቸው በቀኝ፣ ከሁሉም ኋላ ስሙ ያልታወቀ አንድ ቀይ ውሻ ናቸው። ውሻው ከሌላ ጉዳይ ይሄድ እንደ ነበር ኋላ ተረጋገጠ።

ወእምዝ የውድድሩ ወራት ደረሰ። በንፋስ መውጫ የማጣሪያው ተራ ለቀለመ ወርቅ በደረሰው ጊዜ፣ እርሱም እንደ ልማዱ ሊያዜም አፉን ቢከፍት፣ ዜማው እምቢ አለው። ከዚያ በፊት በባዶ መንገድ ላይ ሲሮጥ ምንም የሚያገኘው ስላልነበረ ምንም የሚያጣው አልነበረም፤ አሁን ግን ሦስቱ ነጥቦች ከኋላው ወንበር ላይ እንደ ሦስት ተሳፋሪ ተጠጋግተው ተቀምጠው «ቶሎ በል እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?» የሚሉት መሰለው። ለብቻው መሆኑ ቀረ። ጋሽ ሀብቴ የመነሻ ምልክት የሆነውን ጨርቅ ሲጥሉ ፍሪሲዮኑን በድንገት ለቀቀው፤ ባጃጁም አንድ ጊዜ እንደ ፍየል ዘልሎ ሞተሩ ጠፋ። እስኪያስነሣው ድረስ ሰዓቱ አለፈ። ከእርሱ ቀጥላ ዝናሽ ሮጠች፤ አንደኛ ሆነች፣ ሦስቱንም ነጥብ ወሰደች።

በወገዳ ደግሞ ሞተሩ እንዳይጠፋበት ሲጠነቀቅ የእጅ ፍሬኑን ሳያላቅቅ ተነሣ፤ ማጣሪያውንም ከዳር እስከ ዳር ፍሬን ይዞ ጨረሰ። የስማዳ ሰዎችም «ምን ይቃጠላል?» እያሉ ከየቤታቸው ወጡ። ነጥቡን ዝናሽ ወሰደች። በመካነ ኢየሱስ ግን ሞተሩም አልጠፋ፣ ፍሬኑም አልያዘ፤ ቀለመ ወርቅ እንደ ቀድሞው በረረ፣ የእስቴም ሰው «ወይ ጉድ!» አለ፤ ወደ መጨረሻው መታጠፊያ በደረሰ ጊዜ ግን ነጥቡን ያገኘ መስሎት ለሕዝቡ እጁን አነሣ። በአንድ እጅ ባጃጅ አይታጠፍም። ከመንገዱ ዳር ካለው የገለባ ክምር ውስጥ ገባ፤ ሰዎች መጥተው በመጀመሪያ ባጃጁን፣ ቀጥሎም እርሱን ጎትተው አወጡ። ነጥቡን ዝናሽ ወሰደች። አንድ ሽማግሌም ገለባውን ከፀጉሩ ላይ እያራገፉለት «አይዞህ ልጄ፣ ከብቶቼም እዚያው ነው የሚገቡ» አሉት።

በውድድሩ ግን በንፋስ መውጫም በወገዳም ሞላ አሸንፎ ዝናሽ ተከትላዋለች፤ ነገሩም ሁሉ በመካነ ኢየሱስ ውድድር ላይ ተንጠለጠለ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሆነ፤ ሕዝቡም ነጭ ለብሶ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆመ። ውድድሩ ከተማውን ደጋግሞ መዞር ነው። ዝናሽ ከሁሉ ፊት ብትነሣም ሞላ ቀደማት፣ እርስዋም ከኋላው ሆነች፣ የቀሩት እየተንጠባጠቡ ተከተሉ፤ ቀለመ ወርቅም ከሁሉ ኋላ ገለባ እያበነነ ይሄድ ነበር። እጅግም ወደ ኋላ ከመቅረቱ የተነሣ ፊተኞቹ ዞረው ከበስተኋላው ደረሱበት፤ እንዲህ ባለ ጊዜ የማያውቅ ሰው ቢያየው እርሱ የሚመራ ይመስለዋል፣ እርሱም ለጥቂት ጊዜ እንደዚያ መሰለው። በዚህ ጊዜ ሞላ ክላክሱን ነፋ። ቀለመ ወርቅም እንደ ልማዱ ጥግ ይዞ መንገድ ለቀቀ፤ ነገር ግን ገና ከገለባው ድንጋጤ አልወጣም ነበርና ከሚገባው በላይ አብዝቶ ለቀቀ፤ ለአንድ ሰው የተከፈተ በር ሁለተኛውን አይከለክልምና ዝናሽ በዚያው ክፍት ገብታ፣ ከሞላ ጎን ለጎን ሆና፣ በቁልቁለቱ ላይ ቀደመችው። ሊገፋት ቢፈልግ በእርስዋ በኩል የነበረው ቦይ ሳይሆን ሰፊ መንገድ ነበር። አንደኛ ሆና ገባች።

ነጥብ በተደመረ ጊዜ ጩኸት ሆነ። የውድድሩ ብቻ ቢቆጠር ሞላ በአራት ይበልጣል፤ የማጣሪያው ሲጨመር ዝናሽ በአምስት ትበልጣለች። የሞላ ወገኖች «ይህ ሕግ ለቀልድ የወጣ ነው! ይሻር!» አሉ፤ ሌሎቹም «ስትስቁ እጃችሁን ያነሣችሁ እናንተው አይደላችሁም?» አሉ። ጋሽ ሀብቴም ባጃጆቹ በአይሱዙ ላይ እስኪጫኑ ድረስ በሜዳው ላይ ጉባኤ እንዲሆን አዘዙ፤ «ሕጉን ያመጣው ሰው ምን ማለቱ እንደ ነበር ራሱ ይናገራል» ብለው።

ከጉባኤው በፊት ሞላ ቀለመ ወርቅን እጁን ይዞ ወደ አይሱዙው ጀርባ ወሰደው።

«ቀለሜ፣ ስማኝ ወንድሜ» አለው። «ሕጉ ያንተ ነው፤ ያላንተ ማንም አይፈታውም። 'ለክብር ብዬ ነው እንጂ ለዋንጫ አላልኩም' በል። በቃ። የፊቱን ተራ እኔ ስይዝ አንተን ከኋላዬ አቆምሃለሁ። ዓመቱን ሙሉ። ገበያ ቀን ከሰዓት በፊት ቤትህ ገብተህ ትተኛለህ።»

 ለቀለመ ወርቅ የተራው ሁለተኛ ቦታ በዓይኑ ታየው፤ ጥላ ያለው ነው፣ የመናኸሪያው ግንብ ንፋሱን ይከለክልለታል፣ ተሳፋሪም ራሱ እየሮጠ የሚመጣበት ነው። ደግሞስ ሐሰት ነው ወይ? ክብርስ አስቦ አልነበረም? ጁስ ቤት ተቀምጦ ያሰበው ክብር አልነበረም? ሞላም ዝምታውን እሺታ አድርጎ ወስዶ ትከሻውን መታ መታ አደረገና ሄደ። ቀለመ ወርቅ ግን ከአይሱዙው ጀርባ ቆሞ ቀረ።

ጉባኤው በተሰበሰበ ጊዜ፣ የእስቴም ሕዝብ ነገር ሊሰማ ዙሪያውን ከቦ በቆመ ጊዜ፣ ዝናሽ ሳትጠየቅ ተነሣች።

«እኔ ይህን ሕግ ያን ጊዜም አልወደድኩት፣ ዛሬም አልወደውም» አለች። «ለሚመጣው ዓመት ትሽሩት እንደሆን መጀመሪያ እጅ የማነሣው እኔ ነኝ። ነገር ግን እየሮጥኩ ሳለ ሕግ ነበረ። ወጥታችሁ አወጃችሁ። የሮጥኩትን በየትኛው ሕግ ነው የምትቀሙኝ?» ፊትዋንም አዙራ ወደ ባጃጅዋ ሄደች።

ጋሽ ሀብቴም «ቀለመ ወርቅ!» ብለው ተጣሩ። «ና ወደ መካከል። አሳቡ ያንተ ነው። ለክብር ነበር ወይስ ለዋንጫ?»

ኦ አኀውየ፣ ወንድሞቼ ሆይ፣ በዚህ ሰዓት የሆነውን እንዴት እንጽፈዋለን? ወደ መካከል ወጣ። በግራ ሰው፣ በቀኝ ሰው፣ በፊት ሰው፣ በኋላ ሰው ነበረ፤ ከአጥር ላይም የተንጠለጠሉ ነበሩ። ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ። ለብቻው የሆነ ይመስለው ዘንድ ዓይኑን ጨፈነ፤ ነገር ግን ሰው ሲስል ሰማና ከንቱ ሆነበት፣ ገለጠው። በገለጠው ጊዜ ሞላን አየ፣ ሞላም በዓይኑ ጠቀሰው፤ ዝናሽን አየ፣ እርስዋ ግን አላየችውም፣ ከእርሱ የምትጠብቀው አንዳች እንደሌለ ሁሉ የባጃጅዋን መስታወት ትጠርግ ነበር። ይህ ከሁሉ ይልቅ አቃጠለው።

«ለዋንጫ ነው» አለ፤ ድምፁ ቀጭን ነበር፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ረድፎች ብቻ ሰሙት። ከኋላ «ምን አለ? ምን አለ?» ተባለ። ስለዚህ ደግሞ መናገር ነበረበት፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ከባድ ነው። «ለዋንጫ ነው ያልኩት!» አለ። «ለራሴ ብዬ ነው ያመጣሁት፣ አልሆነልኝም። እሷ ሮጠችው፤ የእሷ ነው።»

ንግግሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ የሚበልጥ ቃል አልተናገረም። ነገሥታት በሠራዊት መካከል ቆመው ብዙ ቃል ተናግረዋል፤ ስንቶቹ ግን በተናገሩት ቃል ጥላ ያለውን ቦታ አጡ? ከዚህም በኋላ ወደ ኋላ ተራምዶ ባገኘው ነገር ላይ ተቀመጠ፤ ያገኘውም ገና ያልቀዘቀዘ የባጃጅ ማርሚታ፣ ማለትም የጭስ ማውጫ፣ ነበረ። በዚያን ጊዜ ያሰማውን ድምፅ መላው ጉባኤ፣ የመጨረሻው ረድፍ እንኳ ሳይቀር፣ ሰማው፤ ይህ ዜና ግን አይጽፈውም።

ጋሽ ሀብቴም ጨርቃቸውን አንሥተው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ሕግ የወጣለት ሩጫ በሕጉ ይፈረዳል። ዋንጫውና የፊቱ ተራ የዝናሽ ነው! ሞላ ሁለተኛ ነው፤ ቅር ያለው ለሚመጣው ዓመት ይፍጠን!»

ሞላም ሄዶ የዝናሽን እጅ ጨበጠ፤ ወደ ቀለመ ወርቅ ሲዞር ግን «አንተማ እንደው ምን ልበልህ!» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ቀጥሎ ሕጉ ለሚመጣው ዓመት ይጽና ወይስ ይሻር ተብሎ ሲጠየቅ፣ ዝናሽ ቃልዋን ጠብቃ ይሻር ብላ መጀመሪያ እጅዋን አነሣች፤ ሞላም አነሣ፣ ሌሎቹም አነሡ። ይጽና ሲባል አንድ እጅ ብቻ ተነሣ። ያም እጅ የማን እንደ ሆነ መናገር አያስፈልግም።

ዝናሽም ዋንጫውን በብብትዋ ይዛ «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ አሁንም አልበቃህም?» አለችው፤ ስትናገር ዓይንዋ እርጥብ ነበር፣ እየሳቀችም ነበር።

«ሕጉ ጥሩ ነው» አላት። «ችግሩ ነጂው ነው።»

እንግዲህ የቀለመ ወርቅን ምስጋና እንጽፋለን። ዋንጫ አላነሣም፤ ነጥብ አላገኘም፤ ያመጣው ሕግ በአንድ ዓመት ተሻረ፤ ፈረሱ ገለባ ነክሶ፣ ሱሪውም ከበስተኋላ ተቃጥሎ፣ በአይሱዙው ላይ ቆሞ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ለመቀመጥ አልቻለምና። ነገር ግን ሰላም ለጉልበቱ፣ ተንቀጥቅጦ ሳለ ላልታጠፈው፤ ሰላም ለአንደበቱ፣ ከስንት ዘመን ዝምታ በኋላ ሁለት ጊዜ ለተናገረው፤ ሰላም ለቀኝ እጁ፣ ከሕዝብ ሁሉ መካከል ብቻውን ለተነሣው። አይሱዙው ንፋስ መውጫ ሲገባ፣ ነጂዎች ሁሉ ስሙን ጠርተው ደህና እደር አሉት፤ ሲጠሩትም አንድ ስንኳ የሳቀ አልነበረም። ይህም ክብር ከእሑድ ማታ እስከ ሰኞ ጧት ጸና፤ ለባጃጅ ነጂ ረጅም ዘመነ መንግሥት ነው።